በዮክቶ ከርክስቶን ላይ ፓይተንን ከ3.10 ወደ 3.12 ማሳደግ፦ ሪሲፒውን ብቻ ማምጣት ይበቃል?

ነጠላ ሽቦ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በ64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ አለን። የመሣሪያውን ሊኑክስ የምንገነባው ለእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ሊኑክስ በሚያዘጋጀው የግንባታ ሥርዓት፣ በዮክቶ 4.0 ማለትም በከርክስቶን ሲሆን፣ ሌት ተቀን የሚሠራው ዋናው ፕሮግራማችን ከዳር እስከ ዳር በፓይተን የተጻፈ ነው። ከርክስቶን ይዞት የሚመጣው ፓይተን 3.10 ነው። እኛ ደግሞ በ3.11 የገቡ ሁለት ነገሮች አስፈልገውናል፤ አንደኛው በአሲንክአይኦ ውስጥ ያለውና ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን በቡድን የሚያስተዳድረው ታስክግሩፕ ነው፣ ሁለተኛው የቶምል ፋይሎችን ያለ ውጭ ላይብረሪ የሚያነበው ቶምልሊብ ነው። የ3.10 የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2026 እንደሚያበቃም ስለማውቅ፣ ከተነሣሁ አይቀር በቀጥታ ወደ 3.12 ልሻገር ብዬ ወሰንኩ።

ያደረግሁት ይህ ነው። በዮክቶ 5.0 ማለትም በስካርትጋፕ ውስጥ ያለውን የፓይተን 3.12 ሪሲፒ (የአገነባብ መመሪያ ፋይል) ከነፓቾቹ (ከምንጭ ኮድ ማስተካከያዎቹ) ቀድቼ በራሳችን ሌየር (የሪሲፒዎች ስብስብ) ውስጥ አስቀመጥኩ፣ የማይስማሙ ጥቂት መስመሮችን አስተካከልኩ፣ ከዚያም ፓይተንንና የራሳችንን ፕሮግራም ብቻ ለይቼ ገነባሁ። ሁለቱም ያለ ስሕተት ተገነቡ። ወደ ሙከራ ቦርዱ ጭኜ ሳስነሣው ግን ፕሮግራሙ ገና ከመጀመሪያው መስመር የራሳችን ሞጁል አልተገኘም ብሎ ቆመ። ፋይሎቹን ስፈልግ አንድም የጎደለ የለም። የፕሮግራማችን ሪሲፒ የተለየ ነገር አያደርግም፤ የፓይተን ፋይሎቹን ሳይት-ፓኬጅስ ወደሚባለው ፎልደር ከመገልበጥ በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

ሙሉውን ኢሜጅ፣ ማለትም በመሣሪያው ላይ የሚጫነውን ሲስተም በሙሉ፣ ለመገንባት ስሞክር ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ጂሊብ በሚገነባበት ጊዜ ጂዲባስ-ኮድጄን የተባለው ኮድ አመንጪ ዲስትዩቲልስ የሚባል ሞጁል የለም እያለ ይወድቃል። እኔ የነካሁት ፓይተንን ብቻ ነው፤ ጂሊብ ደግሞ የሲ ላይብረሪ ነው። ሪሲፒውን ማምጣት ብቻውን የማይበቃ ከሆነ ምን ጎድሎኛል? መንገዱን የምታውቁ ብትመሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የሌሊት ቢልድ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለቱ ስሕተቶች የተለያዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። በአንድ የዮክቶ ግንባታ ውስጥ ፓይተን አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ ይህን ያልለየ ሰው የወደቀው የትኛው ፓይተን እንደሆነ ሳያውቅ ቀናትን ያባክናል። የመጀመሪያው በመገንቢያው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ነው፤ ቢትቤክ የተባለው የዮክቶ ገንቢ ፕሮግራም ራሱ የሚሠራው በእሱ ነው። ሁለተኛው ቢትቤክ ለግንባታው ሥራ ሲል የሚገነባውና ኔቲቭ የሚባለው ነው፤ ይህም የሚሠራው በመገንቢያው ኮምፒውተር ላይ እንጂ በመሣሪያዎ ላይ አይደለም። ሦስተኛው ታርጌት የምንለው፣ በመሣሪያው ላይ የሚቀመጠው ነው። እርስዎ የቀየሩት ሦስተኛውን ብቻ መስሎዎታል፤ ነገር ግን ያው አንዱ ሪሲፒ ኔቲቩንም ታርጌቱንም ስለሚገነባ ሁለተኛውንም አብረው ቀይረዋል።

ሁለቱን መለያየትም አይቻልም። ፓይተን ለሌላ ፕሮሰሰር በሚገነባበት ጊዜ ከሥራው ከፊሉን የሚያከናውንለት፣ በመገንቢያው ኮምፒውተር ላይ መሮጥ የሚችል፣ በዚያው ስሪት ያለ ሌላ ፓይተን ያስፈልገዋል። ከ3.11 ጀምሮ የፓይተን ኮንፊገር ስክሪፕት ይህን የመገንቢያ ፓይተን በግልጽ ካላሳዩት አልቀጥልም ይላል። ኔቲቩ 3.12 ከሆነ ደግሞ ፓይተንን እንደ መሣሪያ የሚጠቀም ሪሲፒ ሁሉ፣ በሲ የተጻፈውም ጭምር፣ ከዚያ ጀምሮ የሚሠራው በ3.12 ነው። የጂሊብ ኮድ አመንጪ በፓይተን የተጻፈ ሲሆን በከርክስቶን ያለው ስሪቱ ዲስትዩቲልስን ይጠራል። ዲስትዩቲልስ በ3.10 ጊዜው እንዳለፈበት ታውጆ በ3.12 ከነአካቴው ወጥቷል። የጂሊብ መውደቅ ከዚህ የመጣ ነው።

የመጀመሪያውን ስሕተት በተመለከተ፣ ቦርዱ ላይ ይግቡና ፋይሎችዎ የተቀመጡበትን የፎልደር ስም እስከ ቁጥሩ ድረስ ያንብቡት። ፓይተን3.10 በሚለው ሥር እንደሚያገኟቸው አልጠራጠርም፤ ኢንተርፕሪተሩ ግን የሚፈልገው ፓይተን3.12 በሚለው ሥር ነው። የሳይት-ፓኬጅስ መንገድ የሚሰላው ከፓይተን ሪሲፒ ስላልሆነ ነው እንዲህ የሆነው። ፓይተን3-ዲር በሚባለው ክላስ (ብዙ ሪሲፒዎች በሚጋሩት ፋይል) ውስጥ ፓይተን_ቤዝቨርዥን የሚል ተለዋዋጭ አለ፤ በከርክስቶን ዋጋው 3.10 ተብሎ በእጅ የተጻፈ ነው። ሪሲፒውን አመጡ እንጂ ክላሱ በነበረበት ቀርቷል።

ነጠላ ሽቦ (ጠያቂ)

እንዳሉት ነው፤ ፋይሎቹ በ3.10 ፎልደር ውስጥ ናቸው። ክላሱን በራሳችን ሌየር ውስጥ ቀድቼ ቁጥሩን 3.12 ሳደርገው ፕሮግራሙ ተነሣ። ጂሊብንም ዲስትዩቲልስን እንዳይጠራ በትንሽ ፓች አሳለፍኩት። አሁን ግን ሌሎች የፓይተን ላይብረሪዎችን ስገነባ ፒኬጂዩቲል የተባለው ሞጁል ኢምፕኢምፖርተር የሚባል ነገር የለውም የሚል ስሕተት የፓይተን ፓኬጆችን በሚገነባው በሴትአፕቱልስ ውስጥ መጣብኝ። ይህንንም በፓች ልለፈው ወይስ የሳትኩት ትልቅ ነገር አለ?

ጽኑ ግንባታ

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቢቆሙ እመክርዎታለሁ። ይህን መንገድ ከዓመታት በፊት እኔም ሄጄበት ስለነበር ቀጥሎ የሚመጣውን ልነግርዎት እችላለሁ።

በከርክስቶን ያለው ሴትአፕቱልስ 59.5 ነው። ሴትአፕቱልስ የራሱን የዲስትዩቲልስ ቅጂ በነባሪነት መጠቀም የጀመረው ከ60 ወዲህ ስለሆነ፣ የእርስዎ ከፓይተን ጋር የሚመጣውን ዲስትዩቲልስ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በ3.12 የለም። ያዩት የኢምፕኢምፖርተር ስሕተትም ተመሳሳይ ታሪክ ያለው ነው፤ በሴትአፕቱልስ ውስጥ ያለው ፒኬጂ-ሪሶርስስ የሚጠራው ክፍል በ3.12 ተወግዷል። ስለዚህ ሴትአፕቱልስንም ከስካርትጋፕ ያመጣሉ። እሱን ሲያመጡ ዊልና እሱን የሚጠሩት ክላሶች ይከተላሉ። ጂኦብጀክት-ኢንትሮስፔክሽን የሚጠቀሙ ከሆነ ስካነሩ ዲስትዩቲልስን ይጠራልና እሱም ይሰለፋል። በሳይተን (የፓይተንን ኮድ ወደ ሲ በሚለውጠው መሣሪያ) የመነጨ ሲ ኮድ ይዘው የሚመጡ አሮጌ ላይብረሪዎች ካሉዎት ደግሞ ገና ኮምፓይል ሲደረጉ ይወድቃሉ፤ ፓይተን በ3.12 ኢንቲጀርን በውስጡ የሚያስቀምጥበትን መዋቅር ስለለወጠ፣ ቀደም ሲል የመነጨው ሲ ኮድ ኦብ-ዲጂት የሚባለውን አባል በነበረበት ቦታ አያገኘውም።

በሲ የተጻፉ ኤክስቴንሽኖች ካሏችሁ ሁሉም እንደገና መገንባት አለባቸው። በፋይሉ ስም ውስጥ ሲፓይተን-310 የሚል ያለበት የተጋራ ላይብረሪ በ3.12 አይጫንም፤ ኢንተርፕሪተሩ ፋይሉን እያየው ያልፈዋል፣ እርስዎም የሚያነቡት ሞጁሉ አልተገኘም የሚለውን ብቻ ነው። ከዚህ ነፃ የሆኑት ኤቢአይ3 በሚባለው የተረጋጋ ውል የተገነቡት ብቻ ናቸው። ከሦስተኛ ወገን በባይነሪ ብቻ የተቀበላችሁት ኤክስቴንሽን ካለ ከሁሉ አስቀድማችሁ ስሙን ተመልከቱ።

እነዚህን ሁሉ በየተራ ማምጣት ይቻላል፤ እኔም አምጥቻቸው ነበር። በመጨረሻ በእጄ የቀረው ግን ግማሹ ከአንዱ ዕትም ግማሹ ከሌላው የተቀዳ፣ ከእኔ በቀር ማንም አንድ ላይ ሞክሮት የማያውቅ ስብስብ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣውን እያንዳንዱን የደኅንነት ማስተካከያ በእጄ ማምጣት ነበረብኝ። ዮክቶ አንድን ዕትም ሲያወጣ የሚሰጠን ትልቁ ነገር እነዚያ ስሪቶች አንድ ላይ ተገንብተው መፈተሻቸው ነው፤ እርስዎ እያፈረሱት ያለው ይህንኑ ነው። ምክሬ ፓይተንን ብቻ ሳይሆን መላውን ዕትም ወደ ስካርትጋፕ ያሻግሩ የሚል ነው። 3.12 እዚያ በቤቱ ነው። የከርክስቶን ድጋፍ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2026 ሲሆን የስካርትጋፕ እስከ ኤፕሪል 2028 ይዘልቃል፤ ስለዚህ ሽግግሩን ማዘግየት ይቻል እንደሆነ እንጂ ማስቀረት አይቻልም።

ዳርቻ

የጽኑ ግንባታን ልምድ አከብራለሁ፤ ይሁንና መላውን ዕትም ያሻግሩ ማለት በቀላሉ የሚነገር ነገር አይደለም። ከከርክስቶን ወደ ስካርትጋፕ ሲሄዱ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ከ11 ወደ 13፣ መሠረታዊው የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ (ከጂሊብ የተለየ ነው) ከ2.35 ወደ 2.39፣ ኦፕንኤስኤስኤልም ከ3.0 ወደ 3.2 ይቀየራሉ። የቦርዱ አምራች የሚያቀርበው የቢኤስፒ (የቦርድ ድጋፍ) ሌየር ለአዲሱ ዕትም ካልተዘጋጀ ደግሞ ጠያቂው የአምራቹን ሥራ ሊሠሩ ነው። አንድ ኢንተርፕሪተር ለማሳደግ ይህን ሁሉ መነካካት ለእኔ አይታየኝም። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ዕትሞች ሚክሲን የሚባሉ ተጨማሪ ሌየሮች እንዳሉ እናውቃለን፤ በከርክስቶን ላይ አዲስ ጎና አዲስ ረስት የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። ያ ከተቻለ ለፓይተን የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌላም መንገድ አለ። የሲስተሙን ፓይተን 3.10 ሳይነኩ፣ ሁለተኛ ፓይተን በኦፕት ሥር በራሱ ፎልደር መገንባትና የራስን ፕሮግራም በእሱ ብቻ ማስኬድ ይቻላል። የግንባታው መሣሪያዎች በ3.10 ይቀጥላሉ፣ ጂሊብም አይወድቅም።

የሌሊት ቢልድ

ዳርቻ ያነሡት የሚክሲን ጥያቄ ተገቢ ነው። ጎና ረስት በዋናነት የግንባታ ጊዜ መሣሪያዎች ናቸው። የጎ ኮምፓይለርን ቢያሳድጉ በመሣሪያው ላይ የሚቀመጠው ኮምፓይለሩ ሳይሆን የወጣው ባይነሪ ነው፤ የጎ ሯጭ ክፍልም በዚያው ባይነሪ ውስጥ ተካትቶ ይሄዳል። በአሮጌው ኮምፓይለር የተገነባ ሌላ ፕሮግራም አጠገቡ ቢቀመጥ አይነካካም። የረስትም ነገር ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ጂሊብን ወይም ዲባስን ለመገንባት ደግሞ ጎም ረስትም አያስፈልግም። ፓይተን ግን በሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ የቆመ ነው፤ ግንባታውን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፣ የሌሎች ፓኬጆች ኮድ የሚመነጨው በእሱ ነው፣ በመሣሪያው ላይም ቀን ከሌሊት የሚሮጠው እሱ ነው። ኮምፓይለር የሚያድግበትን መንገድ ለኢንተርፕሪተር እንዳለ መውሰድ የማይሆነው በዚህ ነው።

በኦፕት ሥር ሁለተኛ ፓይተን የማስቀመጡን ሐሳብ አልቃወምም፤ ጊዜ ለሌለው ሰው መሸጋገሪያ ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። አንደኛ፣ ያ ፓይተንም ለታርጌቱ የሚገነባ ስለሆነ የራሱ የ3.12 ኔቲቭ ያስፈልገዋል፤ ልዩነቱ ይህ ኔቲቭ ከሌሎች ሪሲፒዎች ዓይን የተሰወረ መሆኑ ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮግራምዎ የሚጠራቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ለእሱ ለብቻው እንደገና መገንባት ይኖርብዎታል። ከሲስተሙ የ3.10 ፎልደር ቢዋሱ ንጹሕ የፓይተን ኮድ የሆኑት ምናልባት ይሠሩ ይሆናል፤ በሲ የተጻፉት ግን አይጫኑም።

ነጠላ ሽቦ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የእኛ ሁኔታ በትክክል ዳርቻ የገለጹት ነው፤ የአምራቹ ሌየር የሚያውቀው ከርክስቶንን ብቻ ሲሆን ከርነሉም 5.10 ነው። ከርነሉን መቀየር አንችልም፣ ለአንዱ ቺፕ የተጻፈው ድራይቨር ከእሱ ጋር የታሰረ ነው። በዚህ ከርነል ወደ ስካርትጋፕ መሄድ ይቻላል?

ጽኑ ግንባታ

ይቻላል፤ ተጠንቅቆ ማለፍ የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ቦታዎች ግን አሉ። በአምራቹ ሌየር ኮንፍ ፋይል ውስጥ ሌየሩ ከየትኞቹ የዮክቶ ዕትሞች ጋር እንደሚስማማ የሚናገር መስመር አለ፤ ስካርትጋፕ የሚል ካልተጨመረበት ቢትቤክ ገና ሳይጀምር ይቆማል። ስሙን መጨመሩ ብቻውን ሌየሩን ተስማሚ አያደርገውም፣ ፍተሻውን ያሳልፋል እንጂ። በአምራቹ ሌየር ውስጥ ለከርነል፣ ለዩ-ቡትና ለድራይቨሮቹ የማያስፈልገውን ነገር ሁሉ ቢቢማስክ በሚባለው ተለዋዋጭ ከቢትቤክ ቢሸፍኑት ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግሩት ለማሳያ ፕሮግራሞች ሲባል የተጨመሩት ሪሲፒዎች ናቸው፣ እነሱን ደግሞ እርስዎ አይፈልጓቸውም።

ትልቁ እንቅፋት ይህ ነው። በስካርትጋፕ ጂሊብሲ በነባሪነት የሚገነባው ከ5.15 በታች ያለ ከርነል እንደማያጋጥመው ታስቦ ነው። የእርስዎ 5.10 ስለሆነ ኢሜጁ ያለ አንዳች ስሕተት ተገንብቶ ያልቃል፤ በዚህ ከርነል ላይ በትክክል ለመሥራቱ ግን ዋስትና የለም። ይህን የሚወስነው ኦልደስት_ከርነል የሚባለው ተለዋዋጭ ነው። በራሳችሁ የዲስትሮ ኮንፍ ውስጥ ወደ 5.10 ዝቅ አድርጉት። ጂሊብሲ ራሱ ከዚያ በጣም ያነሱ ከርነሎችን ይደግፋልና ጉዳት የለውም።

ይህን ከመጀመርዎ በፊት ግን አሁን ባሉበት በ3.10 ላይ ሆነው የሚሠሩት ሥራ አለ። በእኔ እምነት የአንድ ስሪት ሽግግር ከግማሽ በላይ የሚያልቀው በአሮጌው ስሪት ላይ ነው። ፕሮግራማችሁን ማስጠንቀቂያዎችን ሁሉ ወደ ስሕተት በሚለውጠው አማራጭ በ3.10 አስኪዱት። ጊዜ ያለፈባቸውን ነገሮች የሚመለከቱ ማስጠንቀቂያዎች በነባሪነት የሚታዩት በዋናው ፋይል ውስጥ ካለ ኮድ ሲነሡ ብቻ ነው፤ ከሌሎች ሞጁሎች የሚነሡት ተሰውረው ያልፋሉ። በ3.12 የወጡት አሲንኮር፣ አሲንቻት፣ ኢምፕና ኤስኤምቲፒዲ ሁሉም አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ የተሰጠባቸው ናቸው። ኮንፊግፓርሰር ውስጥ ሪድኤፍፒ የሚለውን የሚጠራ ኮድ ካላችሁም እሱ ሄዷል። እነዚህን በ3.10 ላይ እያላችሁ ብታስተካክሉ ያው ኮድ በሁለቱም ስሪቶች ይሠራል፤ በአዲሱ ዕትም ላይ አንድ ነገር ሲወድቅም ጥፋቱ የኮዳችሁ ነው ወይስ የግንባታው የሚለው ጥያቄ አይነሣም።

ነጭ ሞደም

እንደ ዮክቶ ያለ ሌላ የግንባታ ሥርዓት በሆነው በቢልድሩት ለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ቢልድሩት አንድ ፓኬጅ ስሪቱ ሲቀየር ጥገኞቹን በራሱ መልሶ አይገነባም፣ አስቀድሞ ወደ ታርጌት ፎልደር የገለበጠውንም አያነሣም። ስለዚህ ፓይተንን አሳድገው ያለ ማጽዳት ከገነቡ በኢሜጁ ውስጥ የ3.10ም የ3.12ም ፎልደር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ላይብረሪዎቹ በአሮጌው ውስጥ ቀርተው አዲሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፓይተንን ብቻ ለይቶ ማጽዳት አይበቃም፤ ሁሉንም አጽድቶ ከመጀመሪያው መገንባት ነው የሚያዋጣው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሌላ አስተማማኝ መንገድ አላገኘሁም።

ነጠላ ሽቦ (ጠያቂ)

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። በምክራችሁ መሠረት መጀመሪያ በ3.10 ላይ ኮዳችንን አጸዳን፤ ሁለት ቦታ ኢምፕን፣ አንድ ቦታ የዲስትዩቲልስን ስሪት አነጻጻሪ አገኘንና አስተካከልን። ከዚያ ወደ ስካርትጋፕ ተሻገርን። በከርነሉ ጉዳይም ጽኑ ግንባታ እንዳሉት ኦልደስት_ከርነልን ወደ 5.10 ዝቅ አደረግነው። በኢሜጃችን ዝርዝር ውስጥ ፓይተን3-ዲስትዩቲልስ የሚል ንዑስ ፓኬጅ በስሙ ተጠርቶ ስለነበር ቢትቤክ የሚያቀርበው የለም ብሎ ቆመ፤ መስመሩን አጠፋነው። ቶምልሊብን የያዘው ንዑስ ፓኬጅም በዝርዝራችን ስላልነበረ በቦርዱ ላይ አልተገኘም፤ በኮምፒውተሬ ላይ ግን ይሠራ ነበር። ዮክቶ የፓይተንን ስታንዳርድ ላይብረሪ ከፋፍሎ እንደሚያስቀምጥ ዘንግቼው ነበር።

አሁን ሁሉም ይሠራል፤ የቀረኝ አንድ ችግር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ከበፊቱ በግልጽ ይዘገያል። 3.11 ፍጥነት እንደጨመረ ስለሚነገር የጠበቅሁት ተቃራኒውን ነበር። ሌላም የማይገባኝ ነገር አለ፤ ቦርዱ በተነሣ ቁጥር ሎጉ ውስጥ ልክ ያልሆነ የኋሊት ሰረዝ አለ የሚል የሲንታክስ ማስጠንቀቂያ ከሦስት ፋይሎች ይወጣል። ማስጠንቀቂያው ጉዳት የለውም፣ የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ጽሑፎች ላይ ነው። በ3.10 ማስጠንቀቂያዎችን ወደ ስሕተት ለውጠን ስናስኬድ ግን ይህ አልታየንም። ሩት ፋይል ሲስተማችን የሚነበብ ብቻ ነው።

ማኅደረ ባይት

መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። ያ ማስጠንቀቂያ በ3.10 የተሰወረ ዓይነት ሲሆን በ3.12 በነባሪነት እንዲታይ ተደርጓል፤ በየትኛውም ስሪት ግን የሚወጣው የምንጭ ፋይሉ ኮምፓይል በሚደረግባት ቅጽበት ብቻ ነው። የተቀመጠ ባይትኮድ (አስቀድሞ ኮምፓይል የተደረገ ቅጂ) ተነቦ ከሆነ ኮምፓይል የሚባል ነገር ስለሌለ ማስጠንቀቂያ አይወጣም። በ3.10 ሙከራችሁ ያልታያችሁ አስቀድሞ የተቀመጠ የፓይሲ ፋይል፣ ማለትም የባይትኮድ ፋይል፣ ስለነበረ ይመስለኛል። አሁን ደግሞ ቦርዱ በተነሣ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ ቦርዱ በተነሣ ቁጥር ፋይሎቹ እንደ አዲስ ኮምፓይል እየተደረጉ ነው ማለት ነው። ዘገምተኝነቱ ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ፋይል ሲስተሙ የሚነበብ ብቻ ስለሆነ ውጤቱን ማስቀመጥ አይቻልም፣ በሚቀጥለው መነሣትም ያው ሥራ ይደገማል።

ለማረጋገጥ ፓይተንን በዝርዝር መናገሪያው አማራጭ ያስነሡት። ለእያንዳንዱ ሞጁል ባይትኮዱ ተስማምቷል ወይም አርጅቷል የሚል መስመር ይጽፋል። የፓይሲ ፋይል የመጀመሪያዎቹ 16 ባይቶች ራስጌ ናቸው፤ አራቱ የስሪቱ መለያ ቁጥር፣ አራቱ ባንዲራ፣ ባንዲራው ዜሮ ሲሆን ደግሞ ቀጣዮቹ አራት የምንጭ ፋይሉ የተለወጠበት ሰዓት፣ የመጨረሻዎቹ አራት የፋይሉ መጠን ናቸው። ባይትኮዱ ከተዘጋጀ በኋላ ኢሜጁን የሚያሽገው ደረጃ የፋይሎችን ሰዓት ወደ አንድ ወጥ ጊዜ የሚመልስ ከሆነ በራስጌው ውስጥ ያለው ሰዓትና በፋይሉ ላይ ያለው ሰዓት አይገጥሙም፤ ፓይተንም ባይትኮዱን አርጅቷል ብሎ ይጥለዋል።

መፍትሔው ሰዓትን ፈጽሞ የማይመለከት ባይትኮድ ማዘጋጀት ነው። ከ3.7 ጀምሮ ኮምፓይልኦል በሰዓት ፈንታ በሃሽ ላይ የተመሠረተ ፓይሲ ማውጣት ይችላል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ ቼክድ የሚባለው በተነሣ ቁጥር የምንጭ ፋይሉን ሃሽ አስልቶ ያመሳክራል፣ አንቼክድ የሚባለው ምንም ሳያመሳክር ይጭናል። ለማይለወጥ ፋይል ሲስተም የሚገባው ሁለተኛው ነው። ነገር ግን ቦርድ ላይ ገብቶ ፋይል እያረመ የሚሞክር ገንቢ ካላችሁ አንቼክድ ያሳስታል፤ ፋይሉን ቢያርመውም የሚሮጠው አሮጌው ባይትኮድ ይሆናል።

ዳርቻ

በሁለት ክፍልፍል እየተፈራረቁ ለሚያዘምኑ መሣሪያዎች አንድ ጥንቃቄ አለኝ። አዲሱ ኢሜጅ ሳይነሣ ቀርቶ መሣሪያው ወደ 3.10 ቢመለስ፣ በዳታ ክፍልፍሉ ላይ 3.12 የጻፈውን ነገር 3.10 ማንበብ መቻሉን ፈትሹ። የፓይተንን ዳታ ወደ ፋይል በሚጽፈው በፒክል ረገድ ሁለቱ በነባሪነት የሚጽፉት በተመሳሳይ ፕሮቶኮል በ4 ነው፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የራሳችሁን ክላሶች ከቀየራችሁ ነው። ነገ ወደ 3.13 የምታልፉ ከሆነና ሼልቭ ወይም ዲቢኤም የተባሉትን ዳታ ማስቀመጫ ሞጁሎች የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ልብ በሉ፤ 3.13 አዲስ የዲቢኤም ፋይል ሲፈጥር በነባሪነት የሚጠቀመው ኤስኪውላይትን ነው፣ 3.10 ደግሞ ያን አይከፍተውም። በዳታ ክፍልፍሉ ላይ ኦቨርሌይ (በማይጻፍበት ፋይል ሲስተም ላይ የሚደረብ የሚጻፍበት ፎልደር) ካላችሁም በውስጡ የተረሳ የላይብረሪ ቅጂ አዲሱን ሊጋርደው ስለሚችል አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩት።

ከጽኑ ግንባታ ጋር በተነጋገርንበት ጉዳይ ደግሞ፣ የጠያቂውን ውጤት ካየሁ በኋላ ሐሳቤን ለውጫለሁ። አሮጌ ከርነል ይዞ መሻገር እኔ እንደገመትኩት ከባድ አልሆነም።

ነጠላ ሽቦ (ጠያቂ)

ተረጋግጧል። በዝርዝር አማራጩ ሳስነሣው ከራሳችን ሞጁሎች አንድ በአንድ አርጅቷል የሚል መስመር ወጣ። የአንዱን ፓይሲ ራስጌ በሄክስ ከፍቼ ሳየው የተጻፈው ሰዓት የግንባታው ሰዓት ነው፤ በቦርዱ ላይ ያለው የምንጭ ፋይል ግን ኢሜጁን የሚያሽገው የራሳችን ስክሪፕት ለሁሉም ፋይል የሰጠውን ወጥ ሰዓት ይዟል። ስክሪፕቱን የጻፍነው ኢሜጆቻችን ባይት በባይት አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ብለን ከስካርትጋፕ ሽግግር ጋር በአንድ ሳምንት ነበር፤ በ3.12 የተሳበበው የፍጥነት ጉዳይ ከፓይተን ጋር ግንኙነት አልነበረውም።

ለመሣሪያዎቹ የሚወጣው ኢሜጅ አንቼክድ፣ ለገንቢዎች የሚወጣው ቼክድ እንዲሆን ኮምፓይልኦልን በኢሜጁ ሪሲፒ ውስጥ በኔቲቩ ፓይተን እንጠራዋለን። ሦስቱን የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ጽሑፎችም አርመናል። ቦርዱ አሁን የሚነሣው በ3.10 ከነበረው ባነሰ ጊዜ ነው። የዳርቻን ማሳሰቢያ ተከትለን ወደ 3.10 መልሰን ስንሞክር ዳታው ያለ ችግር ተነቧል፤ በኦቨርሌዩ ውስጥ ግን ማን እንዳስቀመጠው ያላወቅነው አሮጌ የሲሪያል ላይብረሪ አግኝተን አጥፍተነዋል።